የአራት ቁጥር ልብ

ላብራቶሪው ውስጥ ያሉት ሰዎች ስሟን ትተው «ሞግዚቷ» ይሏታል። ቅር አይላትም፤ ሥራዋ ከሞግዚትነት የሚለይበት ነገር እምብዛም የለም። ሌሎቹ ጥናት ይነድፋሉ፣ አኃዝ ያገላብጣሉ፣ ጽሑፍ ያሳትማሉ፤ እሷ ሴሎቹን ታበላለች። ሰንበት የለ፣ በዓል የለ፣ በየቀኑ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነጭ ጋዋኗን ትለብሳለች፣ እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፣ ጓንቷን ታጠልቅና ኢንኩቤተሩን ትከፍታለች። ኢንኩቤተሩ ትንሽ ፍሪጅ ያክላል፤ ግን ማቀዝቀዝ አያውቅም፣ የሰው ገላ ሙቀት ይዞ ውሎ ያድራል። ውስጡ መዳፍ መዳፍ የሚያካክሉ የፕላስቲክ ሳህኖች ተደርድረዋል። በሳህኖቹ ውስጥ ሮዝ ፈሳሽ አለ፤ ከፈሳሹ ሥር በባዶ ዓይን የማይታዩ የሰው ሴሎች ተለጥፈዋል። የትናንቱን ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ስባ ታወጣና አዲሱን በሳህኑ ጠርዝ በኩል ጠብ ጠብ ታደርግላቸዋለች። አንድ ቀን ከተረሱ ይጎሳቆላሉ፤ ሁለት ቀን ከተረሱ አለቀላቸው።

ባሏ፣ «እኔን አንድ ቀን ምሳ በላህ ወይ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?» እያለ ይቀልድባታል። እሷም፣ «አንተ ስትራብ ትጮሃለህ፤ እነሱ ምን አፍ አላቸው?» ትለዋለች።

ሥራዋን ለማያውቅ ሰው ስታስረዳ ነገሩን አታወሳስበውም። ከሰው ክንድ ትንሽ ደም ይቀዳል። ከደሙ የተለዩት ሴሎች በላብራቶሪ ብልሃት ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ገና ምን እንደሚሆኑ ወዳልቆረጡበት ዕድሜ። ስቴም ሴል የሚባሉት እነሱ ናቸው። ከዚያ ወዲያ እንደ አያያዛቸው ነው፤ ነርቭም ሊወጣቸው ይችላል፣ ጉበትም። እዚህ የሚፈለገው የልብ ጡንቻ ነው። ሴሎቹ ሳህኑን ሞልተው ትከሻ ለትከሻ ሲገጥሙ አንድ መድኃኒት ይጨመርላቸዋል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሌላ። ቀኑ ከተዛነፈ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ። ከሰመረ ግን በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ቀን ሳህኑ መምታት ይጀምራል።

«ይመታል» ስትል ሰው አይገባውም። እሷም መጀመሪያ አልገባትም ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት፣ ከአንድ ክሊኒክ የደም መርማሪነት ሥራዋን ለቅቃ እዚህ በገባች በወሯ፣ አንዱን ሳህን ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጣ ብታይ ነገር ተነቃነቀ። ጠረጴዛውን የነካ ሰው ያለ መስሏት ዞር አለች፤ ማንም የለም። ትንፋሿን ውጣ እንደገና አየች። ትር፣ ትር፣ ትር ይላል። ደረት የለው፣ ደም የለው፣ ባለቤት የለው፣ ብቻውን ይመታል። ክው ብላ ቀረች። ከዚያ ወጥታ ግንባሯን የኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ደግፋ ቆመች፤ በዚያ ያለፈ አንድ የሥራ ባልደረባዋ መርዶ የተረዳች መስሎት ትከሻዋን አቅፎ ሊያጽናናት ሞከረ።

ከሁለት ዓመት በፊት ላብራቶሪው የጤነኛ ሰው ደም አስፈለገው። የታመሙት ሰዎች ሴል ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ለማወቅ፣ ልቡ ደህና የሆነ ሰው ሴል ከጎኑ መቅረብ አለበት። ከሠራተኛው መካከል ስድስት ሰው ክንዱን ዘረጋ፤ ጸሐፊዋ፣ የበሩ ጥበቃ፣ ሁለት ተመራማሪዎች፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛና ሞግዚቷ። ለየደሙ ቁጥር ተሰጠው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት በኃላፊዋ በዶክተሯ መሳቢያ ተቆለፈበት። ሞግዚቷ ከስድስቱ አንዷን ራሷን እያበላች መሆኗን ታውቃለች፤ የትኛዋን እንደሆነ ግን አታውቅም። «ለማንም አላደላም፤ ብሳሳት በራሴው ነው የምጨክነው» ትል ነበር። ደሙ ሲወሰድ የፈረመችው ቅጽ መጨረሻ ላይ፣ ስለ ጤንነትዎ አንድ ነገር ቢገኝ እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ ወይ የሚል ጥያቄ ነበረ። ከጸሐፊዋ ጋር ወሬ እያወራች «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ አለፈችው።

ነገር የመጣው ከመሐንዲሱ ክፍል ነው። መሐንዲሱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ሞግዚቷ ያሳደገቻቸውን የልብ ሴሎች ተቀብሎ፣ ከፀጉር በቀጠኑ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ላይ እያሰፈረ ትርታቸውን ያዳምጣል። አንድ ሰኞ ወደ እሷ መጥቶ፣ አራት ቁጥር ደህና አይደለም አላት። ጤነኛ ልብ አንዴ መትቶ ለሚቀጥለው ለመዘጋጀት ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ የአራት ቁጥር ግን ይጓተታል። በድንጋጤና በሩጫ ጊዜ ሰውነት የሚያመነጨውን ቅመም ጠብ ሲያደርግበት ደግሞ ትርታው እርስ በርሱ ይደነቃቀፋል። ጤነኛ ተብሎ የተመዘገበ ሴል እንዲህ ሊሆን ስለማይገባው፣ አበላሉ ላይ ስህተት እንዳይኖር አስቦ እንደመጣ ሳይነግራት ገባት።

«እጄ ላይ ነው የምትለው?» አለችው።

«አላልኩም። እንደገና እንሞክረው ነው ያልኩት።»

እንደገና ሞከሩት። ፈሳሹን ቀየረች። ኢንኩቤተሩን ቀየረች። ቀኑን በሰዓት ለክታ መድኃኒቶቹን ጨመረች። ሦስተኛ ጊዜ፣ በበረዶ ተቀምጦ የነበረውን የመጀመሪያውን ብልቃጥ አቅልጣ ከዜሮ ጀመረች። አምስቱ ሳህኖች እንደ ሰዓት ይመታሉ፤ አራት ቁጥር ያው ነው። እልህ ያዛት። አራት ቁጥር ማን ሊሆን ይችላል ብላ ስታሰላስል ሐሳቧ በበሩ ጥበቃ ላይ ወደቀ። ሃምሳ ያለፋቸው፣ ሲጋራ የማይለያቸው ሰው ናቸው፤ ግትርነታቸውም ለዚህ የሚመች ነው። «እኚህ ሰውዬ አስቸገሩኝ» እያለች ከሳህኑ ጋር ታወራለች። በበሩ ስታልፍ ግን አንጀቷን ይበሏታል። አንድ ቀን እንዲያውም፣ «ጋሼ፣ ደረጃውን ቀስ ብለው ይውጡ እንጂ» አለቻቸው። ጥበቃው ግራ ገብቷቸው እስክትሰወር ድረስ አዩዋት።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ዶክተሯ አስጠሯት። ዶክተሯ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ለሰው ሁሉ ቢሯቸውን ከፍተው የሚሠሩ ሴት ናቸው። ያን ዕለት ሞግዚቷ እንደገባች ተነስተው በሩን ዘጉት። ስለ አራት ቁጥር የምትወቀስ መስሏት የሦስቱንም ሙከራ ማስታወሻ በብብቷ ይዛ ነበር።

«ተቀመጪ።»

«ቆሜ ልስማዎት ዶክተር። ያበላሸሁት ነገር ካለ እዚህ ሁሉንም ጽፌዋለሁ።»

«ያበላሸሽው ነገር የለም» አሉ ዶክተሯ። «ሥራሽ ንጹሕ ነው። አራት ቁጥር አንቺ ነሽ።»

ሞግዚቷ መጀመሪያ ያሰበችው ጥበቃውን ነበር። እንግዲያው እሳቸው ደህና ናቸው ብላ ደስ ሊላት ትንሽ ሲቀራት ነገሩ ዞሮ ራሷ ላይ ወደቀ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ማስታወሻዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ልታነሳቸው ጎንበስ ማለት እንኳ አልመጣላትም።

ዶክተሯ ቀስ ብለው አስረዷት። የሴሎቹ ዘረመል ተነቧል፤ አንዱ ላይ ከወላጅ የሚወረስ ግድፈት አለ። የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴውን ጠይቀው፣ እሷም ይነገረኝ ብላ ስለፈረመች ነው የጠሯት። እንዲህ ያለው ልብ በመልክም በጉልበትም ከሌላው አይለይም፤ ብዙ ሰው ይህን ተሸክሞ ሳያውቀው ያረጃል። አንዳንዱን ግን በሩጫ፣ በዋና ወይም በከባድ ድንጋጤ መሐል ትርታው ይዘበራረቅበትና ቀጥ ይላል። መድኃኒት አለው፣ ጥንቃቄ አለው። ሞግዚቷ የሚነገራትን ከጉድጓድ ውስጥ ሆና እንደምትሰማ ሰው ነበር የምትሰማው። እነዚያን ሴሎች ስትሰድብ ነበር። እኚህ ሰውዬ አስቸገሩኝ ስትል የነበረው የገዛ ልቧን ነው።

ራሷን ስታ ታውቅ እንደሆነ ዶክተሯ ጠየቋት። አንድ ጊዜ፣ በሃያ ዓመቷ አውቶቡስ ለመድረስ ስትሮጥ ወድቃ ነበር፤ ደም ማነስ ነው ተባለች፣ ተረሳ። ከቤተሰብ በድንገት የሞተ ሰው አለ ወይ ሲሏት የለም አለች።

«በልብ አላልኩሽም» አሉ ዶክተሯ። «ልጅ ሆኖ፣ ሳይታመም። በአደጋ። በውሃ።»

ሞግዚቷ ወለሉ ላይ የተበተኑትን ማስታወሻዎች አየች።

«ወንድሜ» አለች። «ወንድሜ ሰምጦ ነው የሞተው።»

ወንድሟ ሲሞት አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ እሷ አሥራ አራት። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። በዕረፍት ቀናቸው ልጃቸውን ይዘው ወደ መዋኛ ገንዳ ሄዱ፤ እሱ ሲዋኝ እሳቸው ዳር ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ገለጡ። ልጁ ውሃ የሚፈራ አልነበረም፤ የትምህርት ቤቱን ውድድር ሁለት ጊዜ አሸንፏል። ገንዳውን ሁለቴ አቋርጦ ሦስተኛው ላይ ከውሃው በታች ቀረ። አባትየው ቀና ሲሉ አላዩትም፤ እንደልማዱ ጠልቆ እየቀለደባቸው መሰላቸው። ሲያወጡት ሁሉ ነገር አልቋል። ውሃው የልጁን ደረት የሚያልፍ አልነበረም።

ከቀብሩ ማግስት እናቷ፣ ቤት የሞላው ዘመድ ፊት፣ «ልጄ ሲሰምጥ ጋዜጣ ታነብ ነበር» አሏቸው። ይህን አንድ ጊዜ ነው የተናገሩት። አልደገሙትም፤ መልሰውም አልወሰዱት። አባትየው፣ ልጁ ዋና ይችል ነበር፣ ሌላ ነገር አግኝቶታል እያሉ ለጥቂት ወራት ቢከራከሩ ጆሮ የሚሰጣቸው ጠፋ፤ ዝም አሉ። አልጋቸውን ወደ ጓሮ ክፍል አዛወሩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ባልና ሚስት ሆነው ኖሩ፤ የሚነጋገሩት ግን መብራት መጣ፣ ውሃ ሄደ፣ በር ዝጋ የሚለውን ብቻ ነበር። ሌላው ነገር ሁሉ በልጆቻቸው አፍ ይተላለፋል።

ይህ ሁሉ ሞግዚቷ ላይ በአንድ ትንፋሽ መጣባት። ዶክተሯ ውሃ ቀድተው ሰጧት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አባዬን በከንቱ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሆስፒታል አለቁ። የልብ ሐኪሙ በማሽን ትርታዋን አንስቶ ወረቀቱን አሳያት፤ መሐንዲሱ ከሳህኑ ላይ ያነሳው ያ የተጓተተ መስመር ከደረቷም ላይ ወጣ። በየቀኑ የምትውጠው እንክብል፣ ደግሞም ጨርሶ የማትነካቸው የመድኃኒቶች ዝርዝር ሰጣት። ልጆችና እኅት ወንድም ካሉ ይመርመሩ አለ። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት፤ የትምህርት ቤቷ ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ትጫወታለች። ውጤቱ ሁለት ሳምንት ይቆያል ተባለ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሞግዚቷ ልጇ ደረጃ ስትወጣ ኮቴዋን እያዳመጠች፣ ሻወር ቤት ስትቆይ በር እያንኳኳች ሰው መሆኗ ቀረ። ልጅቷም ተማርራ፣ «እማዬ፣ ልቤ ሳይሆን አንቺ ነሽ የምትገድይኝ» አለቻት። የልጅቷ ውጤት ንጹሕ ሆኖ መጣ። የታናሽ እኅቷ ግን እንደ እሷው ሆነ። ስትነግራት እኅቷ በስልኩ ውስጥ ሳቀች።

ግድፈቱ ከየትኛው ወላጅ እንደመጣ ለማወቅ የሁለቱም ደም ተወሰደ። ለልጃቸው ሕክምና ያስፈልጋል ሲባሉ ሁለቱም ምንም ሳይጠይቁ ክንዳቸውን ዘረጉ። ውጤቱን የልብ ሐኪሙ ለሞግዚቷ ሲነግራት፣ ከአንድ ወር በፊት የመጣው ድንጋጤ ምንም እንዳልነበረ ተሰማት። ከእናቷ ነው።

እኅቷ፣ «ሆድ ይፍጀው፤ እማዬ ይህን ሰምታ አትኖርም» አለች። ሞግዚቷም ሁለት ቀን እንደዚያው አሰበች። እናቷ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ምናቸውም አያምም፣ ምን ያደርግላቸዋል? ግን እንክብሉ ለእናቷም ታዟል፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ሊውጡት አይችሉም። የጓሮው ክፍል ደግሞ አለ። አባቷ በሰባ ስምንት ዓመታቸው እዚያ አልጋ ላይ ቁጭ ብለው ግድግዳ ሲያዩ በዓይኗ ሄደ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኅቷን አስከትላ ሄደች።

እናቷ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ሹራብ ይሠራሉ። ሞግዚቷ አባቷን ከጓሮ ጠርታ አስቀመጠቻቸው፤ እሳቸውም እንደ እንግዳ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከሥራዋ ጀምራ ነገረቻቸው። ስለ ሳህኑ፣ ስለ ትርታው፣ ስለ ራሷና ስለ እኅቷ። ከዚያ ስለ ወንድሟ።

«ሰምጦ አይደለም የሞተው» አለች። «ሐኪሞቹ እንደሚሉት መጀመሪያ ልቡ ነው የቆመው። እየዋኘ ሳለ።»

አባቷ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ቆዩ።

«ቀና ብዬ ባየው ኖሮስ?»

ለዚህ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ስትፈልግ ነበር ያደረችው። ልትዋሽ አልፈለገችም።

«አላውቅም አባዬ። ምናልባት። በዚያን ጊዜ ግን ወጥቶም የሚያድነው ማሽን እዚያ አልነበረም። አንተ ስላላየኸው አይደለም የሞተው።»

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። አላለቀሱም። ሞግዚቷ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ የሹራብ መርፌያቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀርተዋል፤ ክሩ ከጭናቸው ተንከባሎ ወለሉ ላይ እየተተረተረ ነው።

«ከማን ነው የመጣው?» አሉ እናትየው።

እኅትየዋ ጎንበስ ብላ ክሩን ለመጠቅለል ሞከረች።

«ከእኔ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

እናትየው አልጮሁም። ቀለማቸው ብቻ ከፊታቸው ላይ ሲሄድ ታየ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባላቸውን በዝምታ የቀጡበትን ነገር ራሳቸው በደማቸው ተሸክመው ኖረዋል። መጀመሪያ የተናገሩት አባትየው ነበሩ።

«እሷ ምን ታውቃለች» አሉ ወደ ሞግዚቷ፣ ተቆጥተው። «ማንም አላወቀም። ለምን እንደዚህ አድርገሽ ትነግሪያታለሽ?»

እናትየው ይህን ሲሰሙ ተነሱና መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ሦስት ቀን እህል በቅጡ አልቀመሱም። ሞግዚቷና እኅቷ እየተፈራረቁ አጠገባቸው አደሩ፤ አንዱ ድንጋጤ ልባቸውን ያቆመዋል ብለው ትንፋሻቸውን ሲቆጥሩ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት እናትየው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ነጠላ ጫማቸውን አጠለቁና ማንንም ሳያናግሩ ወደ ጓሮው ክፍል ሄደው አንኳኩ። እስከ ምሳ ሰዓት አልወጡም። ምን እንደተባባሉ እስከዛሬ የሚያውቅ የለም። እኅትየዋ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ የሰማችው የአባቷን ሳል ብቻ ነው።

ይቅርታ ተባብለው ይሁን አይሁን ሞግዚቷ ደፍራ አልጠየቀችም። አልጋው ከጓሮው ክፍል አልወጣም፤ ያረጀ ሰው ልማዱን አይተውም ብላ ለራሷ ነገረች። ግን እንክብሉን የማስታወሱ ሥራ የአባቷ ሆኗል። በየጠዋቱ ሳሎን ይመጡና፣ «ዋጥሽ?» ይላሉ። «ዋጥኩ አልኩህ» ይላሉ እናትየው። «መቼ?» «ምነው፣ ፖሊስ ነህ?» ከዚያ ጭቅጭቁ ይቀጥላል፤ ስለ እንክብሉ፣ ስለ ቁርሱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስላለፈው ጥቃቅን ነገር ሁሉ። እኅትየዋ ቤቱ ገበያ ሆነ ብላ ታማርራለች። ሞግዚቷ ግን ስትሄድ ኮሪደሩ ላይ ትቆምና ገና ወደ ውስጥ ሳትገባ ታዳምጣቸዋለች።

ላብራቶሪው አራት ቁጥርን ከጤነኞቹ መደርደሪያ አውጥቶ ከሕመምተኞቹ ጎን አኖረው፤ መድኃኒት የሚሞከርበት እሱ ሆነ። ዶክተሯ ሌላ ሰው እንዲያበላው ሐሳብ ቢያቀርቡላት እንቢ አለች። መጀመሪያ ሰሞን ሳህኑን ስታነሳ አንድ ጊዜ ጠብታ አፍስሳ መሐንዲሱ ምንም ሳይል ጠረገላት። ጥበቃው እስካሁን፣ ያኔ ደረጃውን ቀስ ብለው ይውጡ ያለቻቸው ለምን እንደነበር ይጠይቋታል፤ አልነገረቻቸውም። ልጇ ኳስ መጫወቷን አላቆመችም። እኅቷ ደረቷ ላይ ትንሽ መሣሪያ ተተክሎላታል። እስካሁን ሁሉም በሕይወት አሉ።